እኔና እሷ፣ በአንድ ቀን የተወለድን የሮክ ተጫዋቾች

እኔና እሷ የተወለድነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ጎን ለጎን በነበሩ ሁለት አልጋዎች ላይ ነው። እኔ ማለዳ መጣሁ፣ እሷ ረፋዱ ላይ። ወሩ ጥቅምት ነበር። በዚያች የጥቂት ሰዓት ልዩነት ምክንያት እስከ ዛሬ ታላቅሽ ነኝ እላታለሁ፤ እሷም እስከ ዛሬ አትቀበለኝም።

አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ አርባ ምንጭ የመጣ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ብሎ መጥቶ እዚሁ ቀረ። የእሷ ቤተሰብ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ሰዎች ናቸው። እናቷ ምጥ ጠንቶባት የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ያንን ቁልቁለት ወርደው ነው መኪና መንገድ ያደረሷት። ሆስፒታል ስትገባ ከባሏ በቀር ሰው አልነበራትም። እናቴ ከቤት የመጣላትን አጥሚት ግማሹን ቀዳችላት፣ የራሷን ጋቢም ደረበችላት። አንዷ ጋሞኛ አታውቅም፣ ሌላዋ አማርኛ አታውቅም። እንዴት እንደተግባቡ እናቴን ስጠይቃት «ሁለታችንም ሕፃን ይዘን ነበራ፤ ሌላ ምን ወሬ አለ?» ትለኛለች።

እኛ ቤትም ሆነ እነሱ ቤት ልደት የሚያከብር ሰው አልነበረም። ሆኖም በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የእሷ እናት ልጇን ይዛ ከኦቾሎ ትወርዳለች፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ጠርሙስ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ታመጣለች። እናቴ ደግሞ ዶሮ ትሠራለች። ቀኑ የጾም ቀን ከሆነ ዓሣ ትገዛለች። ሁለቱ ሴቶች እየበሉ ያወራሉ። የኦቾሎዋ እናቴ፣ እንዲህ ነው የምጠራት፣ አማርኛውን ከለመደችው በኋላም ወንድና ሴት በመለየት አትጨነቅም። ልጇን «ና፣ ብላ» ትላታለች፤ እኔን «ነይ፣ ብዪ» ትለኛለች። ማንን እንደጠራች ከዓይኗ እናውቅ ነበር።

ጎረቤቶቻችን «እነዚህ ሲያድጉ ይጋባሉ» ይሉ ነበር። አልተጋባንም፤ አስበነውም አናውቅም። እኛ ያደረግነው ጎረቤት የማያውቀውን ነገር ነው። እሷ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ እኔ ድራም ይዘን፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ እስካሁን ሮክ እንጫወታለን። በዚህ ከተማ ይህን የሚሠራ ሰው ከእኛ በፊት ነበረ ወይ ቢሉኝ አላውቅም። እኔ አላየሁም።

ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ለትምህርት ወደ ከተማ ወረደችና ሴቻ ሰፈር እኛ ቤት ተቀመጠች። የሷ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው፤ ኦቾሎ እያለች በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ጊታር ተምራለች። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እመታ ነበር። እሑድ ጠዋት ከአንድ በር ወጥተን፣ እሷ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ እንሄዳለን። ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠዋት የተጫወተችውን ትደግመዋለች፤ እኔ ቢጫ ጀሪካን ገልብጬ እመታለሁ። እናቴ ልብስ እያሰጣች ትሰማናለች። አንድ ቀን «አንተ ሁልጊዜ ትቀድማታለህ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመምታቴ በፊት የእሷን እጅ ማየት ለመድኩ፤ ድራም መጫወት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሮክን ያመጣልን ሦስተኛው ጓደኛችን ነው። ከሶዶ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ምሕንድስና ያጠናል፣ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ከእሷ ጋር የተዋወቁት የጊታር ክር ሲፈልጉ፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ባለሱቁ አንድ እሽግ ብቻ ቀርቶት ስለነበር፣ እሱም ከቤዙ ሌላ ተራ ጊታር ስለነበረው ተካፈሉት። በሌላ ቀን ላፕቶፑን ይዞ እኛ ቤት መጣና አንድ ዘፈን ከፈተልን። ጊታሩ ሲገባ እሷ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች።

«ይኼ ጊታር ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም፤ ሆን ብለው ነው።»

እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ «ድገመው» አለች። ከዚያ «ጉሮሮ አለው» አለች። የዚያን ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ጊታሯን ይዛ ያንን ሻካራ ድምፅ ለማውጣት ስትታገል ከረመች። አልወጣም። በእንጨት ጊታር አይወጣም።

ኤሌክትሪኩን ያመጣላት አባቷ ነው። ሸማኔ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው። በየዓመቱ የሠራውን ጋቢና ቡልኮ ይዞ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ዘመዶቹ ዘንድ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሲመለስ በቡልኮ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻው ይዞ እኛ ቤት ገባ። ፈታው። ቀይ፣ ጠርዙ የተላጠ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር።

«የሸጠልኝ ሰው ደህና ነው ብሏል» አላት። «እኔ ክሩ ስድስት መሆኑን አይቻለሁ። ሌላውን አንቺ እይው።»

አቅፋው አለቀሰች። እሱ ግራ ገብቶት እናቴን «ጥሩ አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

መጀመሪያ ሰው ፊት የተጫወትነው ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነበር። ሆቴሉ ማንም የማይመታው አሮጌ ድራም ነበረው፤ እኛን የተቀበሉን ለድራሙ የሚመታው ሰው ስላገኙለት ይመስለኛል። ከበረንዳው ላይ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ጫሞ በአንድ በኩል፣ አባያ በሌላ በኩል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሷ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ፔዳል ረግጣ የመጀመሪያውን ኮርድ ስትመታ እንግዶቹ ሁሉ በሩ አጠገብ ወዳለው የመብራት ትራንስፎርመር ዞሩ። የፈነዳ መስሏቸው ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ትልቅ ሰው ነበር፣ ጨዋ።

«ልጆቼ፣ ሙዚቃችሁ ክፉ ነው አልልም» አለን። «ግን እንግዶቹ ከአስተናጋጁ ጋር መደማመጥ አቃታቸው። እዚያ ጥግ ያሉት ሰውዬ ዓሣ ጉላሽ አዝዘው ዶሮ መጣላቸው።»

«ይመልሱታላ» አለ ቤዝ ተጫዋቻችን።

«በልተውታል። እሱ አይደለም ጉዳዩ።»

ስምምነት ላይ ደረስን። ሰው እስኪበላ ድረስ ሁሉም የሚያውቀውን ለስላሳ ዘፈን እንጫወታለን፤ ሳህኑ ሲነሣ የኛን እናደርጋለን። በዚህ ዓይነት ከዓመት በላይ ሠራን። ሳህኑ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ነበሩ፤ ወንበራቸውን ወደ እኛ የሚያዞሩም ነበሩ። የሚያዞሩት በጣም ቀስ በቀስ በዙ።

ነገሩ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከተማ ውስጥ በምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ መሪ አስጠሯት። ከወጣች በኋላ በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ የተባባሉትን ነገረችኝ።

«ጊታር ማን አስተማረሽ? አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን አልኳቸው። ታዲያ ለምን ሆቴል ትወስጂዋለሽ? አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ቅዳሜ እዚያ እሠራለሁ፣ እሑድ እዚህ እመጣለሁ፣ አንዱንም ከሌላው አልደብቅም አልኩ።»

ከመዘምራኑ አነሷት። ይህ ለእሷ ቀላል አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከመዘምራን ተነጥላ ተቀምጣ አታውቅም። እሑድ ግን መሄዷን አልተወችም። ከምእመናኑ መካከል፣ ወደ ኋላ አካባቢ ተቀምጣ ሁለተኛውን ድምፅ በቀስታ ትዘምራለች፤ አጠገቧ የሚቀመጡ ሴቶች ዜማው ሲጠፋባቸው ወደ እሷ ያዘነብሉ ነበር። በእኔ በኩል የተናገረችው እናቴ ብቻ ናት። «ከበሮው የእግዜር ነው፤ ያንን ቆርቆሮ ለራስህ ምታ፤ አታደባልቅ» አለችኝ። አላደባለቅኩም። ወይም ያላደባለቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድራም የሚያስተምር ሰው «ግራ እጅህ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደገው» ብሎኛል።

አዲስ አበባ የገባነው ሦስታችንም ትምህርታችንን ከጨረስን በኋላ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ተመርቋል፣ እኔ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬያለሁ፣ እሷ ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታለች። ሁላችንም ሌላ ሥራ ነበረን፤ ሮክ ቅዳሜና እሑድ ነው። በዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሮክ የሚሰማው ሰው ትንሽ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉንም በመልክ ታውቃቸዋለህ። ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ሲያልቅ እጅህን ይጨብጣሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ አልበም የሚያሳትም ሰው ያውቅ ነበርና ይዞት መጣ። ፕሮዲውሰሩ ወደደን። ዘፈን አዘጋጁ አለን።

አባቷ የሞተው እኛ ዘፈን ስናዘጋጅ ነው። ስልክ የደወለችው እናቴ ናት፤ ለእኔ ነው የደወለችው፣ ለእሷ እንድነግራት። እሷ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ፊቴን ስታይ «አባቴ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። በነጋታው ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ኦቾሎ ስንደርስ ሰው ሜዳው ላይ ወጥቷል። የቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን በመዝሙር ሸኘው። ከቀብሩ በኋላ ግን በዕድሜ እኩዮቹ የሆኑ ሽማግሌዎች በቆየው የሀገሩ ወግ ሊያለቅሱለት ወጡ፤ የከለከላቸው የለም። እኔ ለቅሶ የማውቀው በእናቴ ዘመዶች ነው፤ አንዲት አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ይህ ሌላ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ጀመረ። ሌላው ትንሽ ቆይቶ ከሌላ ቦታ ገባ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም በላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ይዞ ሳይለቅ ቆየ። የቀሩት ከሥር እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያዙት። ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ግን አይጠፋም። ጭጋጉ ከገደሉ ወደ ሜዳው ይወጣ ነበር፤ ሐይቁ አይታይም። እሷ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ማልቀስዋን አቁማ ስትሰማ አየኋት።

ስንመለስ ሶዶን አለፍን። ከዚያ ከመስኮቱ ሳትዞር «ሰማኸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አንዱ ሲጀምር ሌላው ቆይቶ ነው የሚገባው። እኔ ጊታሩ ላይ ስፈልገው የኖርኩት እሱን ነው። አጠገቤ ሆኖ ነው የማላውቀው።»

በዚያ ወር ዘፈኑን ሠራችው። የመጀመሪያው ጊታር የጀማሪውን ሽማግሌ ዜማ ያነሣል፤ ሁለተኛው ቆይቶ ይገባል፤ ሦስተኛው ያቺን ቀጭን ድምፅ በዚያ በሻከረው ጉሮሮ ይይዛል። ቤዙ የሥሩን ነጎድጓድ ወሰደ። እኔ የሚራመዱ ሰዎችን እግር ብቻ መታሁ። ግጥም የለውም። ስቱዲዮ ገብተን ቀዳነው። ቤዝ ተጫዋቹ ማዳመጫውን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፕሮዲውሰሩ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ይኼ ነው» አለ። «አልበሙ በዚህ ይከፈታል። ስለዚህ ሥራ ሰው ያወራል።»

ብዙ ነገር ተጫውቻለሁ። ከዚያ የተሻለ ነገር የተጫወትኩ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ቅንብር ደርሶ ልንሰማ የተሰበሰብን ቀን፣ እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ባለቤቶቹ አልሰሙትም» አለች።

«ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?» አለ ፕሮዲውሰሩ። «የሕዝብ ዜማ አይደል እንዴ?»

«ሕዝቡ አድራሻ አለው» አለችው። «እኔ አውቀዋለሁ።»

ፕሮዲውሰሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቤዝ ተጫዋቹ አልሳቀም፤ ምን እንደሚመጣ ገብቶታል። በሳምንቱ እኔና እሷ ስልክና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዘን ወደ ኦቾሎ ወጣን።

ለቅሶውን የጀመሩትን ሽማግሌ ቤታቸው በር ላይ አገኘናቸው፤ የአባቷ እኩያ ናቸው። ሌሎች ሁለት ሰዎች አስጠሩ። በርጩማ ቀረበልን። ዘፈኑን ከፈትንላቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ሲያልቅ ምልክት ሰጡን፤ ደገምነው። በሁለተኛው ላይ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በጋሞኛ ያወሩት፣ እሷ ኋላ እንደተረጎመችልኝ፣ እንዲህ ነው፦

«ማነው የሞተው?»

«አባቴ ነው።»

«እሱን ቀብረነዋል። አልቅሰንለታል። ይኼ የሚዜመው የት ነው?»

«አዲስ አበባ። ሰው በሚዝናናበት ቤት።»

«እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«ቢራ ይጠጣሉ። ይሰማሉ።»

«ከነሱ መካከል ማን ሞቷል?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ከሁለቱ ሰዎች ጋር ቀስ ብለው ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲያው እዚያ አይዜምም። ሟች በሌለበት ለቅሶ ከተጠራ ሟች ይፈልጋል። እኛ እንዲህ ነው የምናውቀው። አንቺ ልጃችን ነሽ፤ ሳትጠይቂ ብታደርጊው ማን ያይሽ ነበር? መጥተሽ ጠየቅሽ፤ ስለዚህ እውነቱን እንነግርሻለን።»

ጎንበስ ብላ «እሺ አባቴ» አለች።

«ጊታሩ ግን ማልቀስ ይችላል» አሉ እሳቸው። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ቆጮ ቀረበልን፣ በላን፣ ተነሣን።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በልቤ ተናድጄ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ትንሽ እንኳ ብትከራከሪያቸው ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት።»

«ጠየቅሻቸው። ማስረዳትም ይቻል ነበር።»

ቆመች። «እምቢ የማለት መብት የሌለው ሰው ተጠየቀ አይባልም» አለችኝ። «እኔ አዎ እንዲሉኝ ብቻ ብሄድ ኖሮ ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።»

መኪና መንገድ እስክንደርስ ንዴቴ ግማሹ ለቆኝ ነበር፤ ግማሹ ግን ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ቆየ።

እሷ ዘፈኑ ይቅር ስትለው፣ ፕሮዲውሰሩ ያለዚያ ዘፈን አልበሙን አልፈልግም አለ። አልዋሸንም፣ አልተሳደበም፤ ተወን። የከበደው የቤዝ ተጫዋቹ ጉዳይ ነው። የተለያየነው አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው።

«ሥራው የኔም ነው» አላት። «ለምን ብቻሽን ወሰንሽ?»

«አንተን ሳልጠይቅ መሄዴ ልክ አልነበረም» አለችው። «ለዚያ ይቅርታ። በሌላው ግን አሁንም ያው ነኝ።»

«እኔም ያው ነኝ» አለ እሱ። ሻዩን ጨርሶ፣ ሁለታችንንም ጨብጦ ሄደ። አሁን ሐዋሳ መሐንዲስ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። በየዓመቱ በልደታችን ቀን ይደውልልኛል፤ ለሁለታችንም በአንድ ስልክ መልካም ልደት ይላል። ቤዙን ግን ሸጦታል።

እኔ ወደ አርባ ምንጭ ተመለስኩ። የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነውና ሞንታርቦ ገዝቼ ማከራየት ጀመርኩ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የፕሮቴስታንቶቹ ኮንፈረንስ፣ የኛ ጉባኤ፣ የስፖርት ውድድር፤ ድምፅ የሚፈልግ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለሁለት ዓመት ያህል ድራም አልነካሁም። እናቴ አንድ ቀን «ያ ቆርቆሮ ምን ሆነ?» አለችኝ። አቧራውን ጠራርጌ ዓርብ ዓርብ ዕቃዬን የማስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን መምታት ጀመርኩ።

እሷ አዲስ አበባ ቀረች። ከታወቁ ድምፃውያን ኋላ ቆማ ጊታር ትጫወታለች፤ ኮንሰርት ላይ ካሜራው እሷን ሲያሳይ እናቶቻችን በቴሌቪዥን ያዩዋታል። የኦቾሎዋ እናቴ «ለምን ኋላ ያስቆሟታል?» ትላለች። በቀረው ጊዜ ጊታር ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ያገባችው ሰው ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ስለ ሮክ የሚያውቀው ሲያልቅ ማጨብጨብ እንዳለበት ነው፣ ያንንም አንዳንዴ መሃል ላይ ያደርገዋል።

እኔ ያ ዘፈን ጠፍቶ የቀረ መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን መስቀል ሲቃረብ ሽማግሌው በእናቷ በኩል መልእክት ላኩባት። ለጋሞ ሰው መስቀል ትልቁ በዓል ነው፤ የትም ያለ ሰው ወደ ቀዬው ይወጣል። እሷም ወጣች። ሽማግሌው ቤታቸው አስቀምጠው «ያን ጊዜ የከለከልንሽ ለቅሶውን ነው፤ ዘፈን አልከለከልንሽም» አሏት። የመስቀሉ ዜማም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ቆይቶ ይገባል፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ከላይ ይቆያል። «ይኼን ቢራ የሚጠጣም ይስማው» አሉ። በዓሉ እስኪያልቅ ከነሱ ጋር ቁጭ ብላ ተማረችው። ጊታር አልያዘችም፤ ዘፈነችው እንጂ። አንዱ ድምፅ ቦታ ሲስት ቆም አድርገው ያርሟት እንደነበር ነግራኛለች።

ስትወርድ በቀጥታ መጋዘኔ መጣች።

«ድራሙ አለ?»

«አለ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ።»

ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሆነን ቀዳነው። አልበም አልሆነም፤ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ በኢንተርኔት ተለቀቀ። እንደ አዲስ አበባው ዘፈናችን አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ያኛው ይበልጣል። ይህ ግን በሕይወት አለ። አንድ ቀን ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስወጣ ሾፌሩ ከፍቶት አገኘሁ። ቁልቁለቱ ላይ ከሚመጣ አይሱዙ ጋር እየተላለፈ ድምፁን ጨመረው።

«ይኼ የኛ ነው» አለኝ።

«የማን?»

«የኛ ነዋ» አለና በመስታወቱ አየኝ፤ የሌላ ሀገር ሰው የመሰልኩት ይመስለኛል። ድራሙን የመታሁት እኔ ነኝ አላልኩትም። እስከ ሴቻ ድረስ ከእሱ ጋር አብሬ ሰማሁ። መሃል ላይ አንዲት ቦታ ቸኩያለሁ፤ ሌላ ሰው አያውቅም።

ባለፈው ጥቅምት የኦቾሎ ወጣቶች መጥታችሁ ተጫወቱልን አሉን። የልደታችን ቀን አካባቢ ስለነበር እሷ ቀኑን ራሱን መረጠች። ጀነሬተሩን፣ ሞንታርቦዎቹንና ድራሙን ፒካፕ ላይ ጭነን፣ ሁለቱን ተማሪዎቿን ከኋላ፣ ሁለቱን እናቶች ከፊት አስቀምጠን ወጣን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በየጠመዝማዛው ታቃስታለች፤ የኦቾሎዋ እናቴ እጇን ይዛ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ደረስን» ትላታለች።

ሜዳው ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ወንበር ተደርጎላቸዋል፤ ዜማውን ያስተማሯትም ሰውዬ መሃል ላይ፣ ሞንታርቦው ትይዩ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ በትር ይዘዋል። እሷ ፔዳሉን ረግጣ ስትጀምር ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ተነሡ፤ በትራቸውን እየተመረኮዙ ከሕዝቡ መካከል ወጡና ከሜዳው ዳር ካለው እንሰት ኋላ ተሰወሩ። እኔ ከድራሙ ኋላ ሆኜ አያቸዋለሁ። እሷም አይታቸዋለች፤ እጇ ግን አልቆመም። መቼም አንድ ሽማግሌ ጥለውህ ሲሄዱ መጫወት ከባድ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወጣቶቹ ጮኹ፣ ጨፈሩ። እሷ ጊታሩን ወንበር ላይ አስደግፋ ወደ እንሰቱ ሮጠች። እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ አስቀየምንዎት?» አለች፤ ስትጨነቅ አማርኛው ነው የሚመጣላት።

እሳቸውም በአማርኛ መለሱላት። «አይ፣ አይ። እዚያ ጆሮዬን ነው የያዘኝ፤ እዚህ ግን ዘፈኑን ሰማሁት። ሦስተኛው ድምፅ ትክክል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይቆይ።»

«ትንሽ ይቆይ?»

«ትንሽ። ቸኮልክ።»

እኔን ይሁን እሷን እንደተናገሩ አላወቅኩም፤ ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ተመለስን፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ እሷ ሁለተኛውን ጊታር የሚጫወተውን ተማሪዋን በዓይኗ ያዘችው፣ እስክትፈቅድለት ድረስ ጠበቀ። በእንሰቱ መሃል የበትራቸው ጫፍ ብቻ ይታየኝ ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

ጭጋግ ሲመጣ ዕቃውን ሸፍነን ጫንን። የኦቾሎዋ እናቴ ቤት ገብተን በላን፤ ሁለቱ እናቶች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ጉልበት ሕመም ያወሩ ነበር፤ የሺፈራው ቅጠል ይጠቅማል አይጠቅምም እያሉ። እሷ ጣቶቿን እያሸች ጠዋት ጠዋት ግራ እጇ እንደሚደነዝዛት ነገረችኝ። እኔም ጆሮዬ ጭር ባለ ቁጥር እንደሚያፏጭብኝ ነገርኳት። ሐኪም እንይ ተባባልን። ታላቅሽ ስለሆንኩ ቀድሜ እሄዳለሁ አልኳት፤ ቆጮውን ወደ እኔ ገፋችው።

በነጋታው እሷ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች፤ ማክሰኞ ተማሪዎች ነበሯት። እኔ ጫኖ በምትባል መንደር የማጫውተው ሰርግ ነበረብኝ፤ ሞንታርቦዎቹን ከፒካፑ ሳላወርድ በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ።